ከዓይን ብረት መሳብ

አሁን አሁን ዓይኑ ውስጥ ብረት የገባበት ሰው ሞጣ ሲመጣ ሥራው አጭር ነው። ዓይኑ ይታያል፣ በጠንካራ መከለያ ይሸፈናል፣ መርፌ ይወጋል፣ ወደ ባሕር ዳር ይላካል። እዚያ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ ከዓይኑ ጎን በቀጭን መሣሪያ ይገባና ብረቱን ይዞት ይወጣል። ጡረታ ልወጣ ስል ይህን ሥራ አንድ ቀን ቆሜ እንዳይ ፈቀዱልኝ። የሚደረገው ሁሉ በቴሌቪዥን ላይ ይታይ ነበር። ሐኪሙ ብረቱን እያየው ያዘው። ከክፍሉ ወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። እኔ በዚህ ሙያ የኖርኩት ብረቱን ሳላይ ነዋ።

በኛ ጊዜ ብረቱን ከውጭ ሆነን በማግኔት ነበር የምንጠራው። ማግኔት መግፋት አያውቅም፤ የሚያውቀው ወደ ራሱ መጥራት ብቻ ነው። ራቅ ሲል ብረቱ የማይሰማው ይመስላል። ትንሽ ስታቀርበው ዝም ይላል፤ አሁንም ትንሽ ስታቀርበው ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ብታስጠጋው በቅጽበት ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ ይመጣል። በየት በኩል እንደሚመጣ፣ በመንገዱ ምን እንደሚቀድ የሚታወቀው ከመጣ በኋላ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት የሠራሁት ይህን ነው። ሰው ስለ ሥራ ዘመኑ ሲያወራ የሚኮራበትን ያስቀድማል፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማስታውሰው ፍርሃቱን ነው።

የተወለድኩት ደጀን ነው። ነርስነት ተምሬ፣ በዓይን ሕክምና ላይ ተጨማሪ ኮርስ ወስጄ ብቸና የተመደብኩት ደርግ ወድቆ አገሩ ገና ሳይረጋጋ ነበር። የሠራሁበትን ጤና ጣቢያ ስም አልጠራም፤ ዛሬ ሌሎች ሰዎች በደንብ ይሠሩበታል። የዓይን ክፍሉ አንድ ወንበር፣ አንድ አልጋና አንድ የእጅ ባትሪ ነበረው። በሽተኞቻችን አብዛኞቹ ትራኮማ ያሠቃያቸው፣ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን የሚወጋቸው እናቶች ነበሩ። ብረት ይዞ የሚመጣው ጥቂት ነው። እሱም ብዙውን ጊዜ ወፍጮ የሚወቅር ሰው ነው። የወፍጮ ድንጋይ ሲልም እንደገና እንዲሻክር በመሮና በመዶሻ ይወቀራል። ወቃሪው አጎንብሶ ፊቱን ከድንጋዩ ጋር ያስጠጋል። መዶሻው መሮውን ሲመታ ከብረቱ ቅንጣት ተፈንጥራ ዓይን ትበሳለች። ሰውዬው አሸዋ የገባበት ይመስለውና አሽቶ ሥራውን ይቀጥላል። በማግስቱ ነው ጉድ የሚመጣው።

ማግኔቱን ብቸና ያመጣው ጋሽ ጀማል ነው። የወሎ ሰው ነው፤ በአንድ የጦር ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የዓይን ክፍል ሠርቷል። ሠራዊቱ ሲበተን የሆስፒታሉ ዕቃ ለየጤና ጣቢያው ሲከፋፈል ማንም ያልፈለገውን ያንን የብረት ግንድ እሱ ለመነና ከራሱ ጋር ወደ ብቸና አስመደበው። መዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት፣ ውኃ የሞላ እንስራ ያህል የሚከብድ፣ ጫፉ እንደ ጦር የሾለ ነገር ነበር። ከቋሚ ብረት ላይ በክንድ ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። መብራት በፈረቃ ስለነበር የምናሠራው በሁለት የጭነት መኪና ባትሪ ነው። በእግር የሚረገጥ ማብሪያ ነበረው፤ ሲረግጡት ማግኔት ይሆናል፣ ሲለቁት ተራ ብረት ይሆናል።

ጋሽ ጀማል ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰዓቱን፣ ቁልፉን፣ የቀበቶውን ዘለበት ሳይቀር አውልቆ ከክፍሉ ውጭ ያስቀምጣል። የኔን የፀጉር ሽቦ እሱ ራሱ ፈትሾ ያስወልቀኛል። በሽተኛው ማተቡ ላይ መስቀል ካለው በአክብሮት ተቀብሎ ለቤተሰቡ ይሰጣል። ከዚያ የሚጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው።

«መዶሻው የታለ?»

መዶሻው ካልመጣ አይነካም። የተመታው ብረት ሆኖ ማግኔቱ የማይስበው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ወይም የገባው ድንጋይ ይሆናል። መዶሻው ሲመጣ ጠርዙን በጣቱ ይዳብሳል፣ አዲስ የተሸረፈውን ቦታ ይፈልጋል፣ ሽራፊው ምን ያህል እንደሆነ ከጎደለው ቦታ ይገምታል።

ደግሞ ለበሽተኛ «አይዞህ» ብሎ አያውቅም። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«የማላውቀውን ነገር እንዴት አይዞህ እላለሁ?» አለኝ። «እዚህ ነኝ እለዋለሁ። እሱ እውነት ነው።»

እኔን ያስተማረኝ በእንቁላል ነው። የዓይን ውስጡ እንደ እንቁላል ነጭ ያለ፣ የጠራና ወፈር ያለ ነገር ነው። ከፊት በኩል ምስር የምታህል የጠራች ሌንስ አለች፤ ከሷ ፊት መሃሉ ክፍት የሆነ ቀለም ያለው መጋረጃ አለ፤ ክፍቱ ብሌን የምንለው ነው። ብረቱ ከሌንሷ ኋላ ነው የሚያርፈው። ሌንሷን ሳይነካ በጎኗ ዞሮ፣ መጋረጃውን ሳይቀድ በብሌኑ አልፎ ከፊት ወዳለው ውኃ መድረስ አለበት። እዚያ ከደረሰ ከዓይኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ተቆርጦ ይወጣል። ጋሽ ጀማል በብርጭቆ የእንቁላል ነጭ ይሞላና በመሃሉ የራሰች ምስር በክር ያንጠለጥላል። ከምስሯ ኋላ ከወፍጮ ቤት የመጣ የብረት ሽራፊ ይጥላል። እኔ ከብርጭቆው ውጭ ሆኜ ማብሪያውን እየረገጥኩና እየለቀቅኩ ሽራፊውን በጎን አዙሬ ማምጣት አለብኝ።

«ርገጪ። ልቀቂ። ጠብቂ፤ ይረጋጋ። አሁን በግራ ዙሪና ርገጪ...» ይላል። ሽራፊው ምስሯን ሲወጋት ደግሞ ብርጭቆውን አንሥቶ ይደፋዋል። «ይሄ ሰውዬ ታውሯል። ሌላ እንቁላል።»

በዓቢይ ጾም ሳይቀር እንቁላል እንገዛ ነበር። ገበያ የሚወጣው ታዲያ እሱ ነው። «እኔ ብገዛ ማንም አያማኝም፤ አንቺ ከገዛሽ የንስሐ አባትሽ ቤት ድረስ ይሰማል» እያለ ይስቃል። ቀልድ የሚያውቀው ከሥራ ውጭ ብቻ ነበር። ማግኔቱ ሲበራ ፊቱ ላይ ደም አይታይም። ያን ያህል ዓመት ሠርቶ እንደ መጀመሪያ ቀን ይፈራ ነበር፤ ፍርሃቱንም ከኔ አይደብቅም።

ይበልጣል የሚባል ወፍጮ ወቃሪ ከአምበር የመጣው የጋሽ ጀማል እጅ መንቀጥቀጥ በጀመረበት ዓመት ነው። ገና ልጅ እግር ነው፤ ሚስቱ ጥሩዬ አራስ ሕፃን አዝላ አብራው መጣች። ቀኝ ዓይኑ ቀልቷል፤ ቁስሉ ግን ከመርፌ ቀዳዳ አይበልጥም። ጋሽ ጀማል እንደ ልማዱ መዶሻውን ጠየቀ። ጥሩዬ ከነጠላዋ ውስጥ አወጣችው፤ ሰው ነግሯት ይዛው መጥታ ኖሯል። ጠርዙ ላይ አንድ አዲስ ሽርፍ ይታያል። ማግኔቱ ላይ ሲሞከር ጥርቅም ብሎ ተጣበቀ።

«አንድ ነው፤ ትንሽ ነው፤ ይሳባል» አለ ጋሽ ጀማል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ዛሬ አንቺ ነሽ። እኔ መብራቱን እይዛለሁ።»

እምቢ ማለት ፈለግሁ። እጁን አየሁት፤ ባትሪውን የያዘው እጅ ይንቀጠቀጣል። ቁጭ አልኩ።

እስከ ዛሬ ድረስ የዚያን ቀን ሥራዬን በሐሳቤ መላልሼ ሠርቼዋለሁ። ጋሽ ጀማልም ከዚያ በኋላ እየመላለሰ አስቦበታል። የተሳሳተ እርምጃ አላገኘንም። ብረቱ በሦስት ወይም በአራት ርግጫ ሌንሷን ዞሮ መጣ። መጋረጃው ላይ እንደ እህል ፍሬ እብጥ አለ፤ አቅጣጫ ቀየርኩ፤ በብሌኑ ብቅ አለ። ጋሽ ጀማል ከጠርዙ ቆረጠ። የማግኔቱን ጫፍ አስጠጋሁ፤ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሽራፊው ጫፉ ላይ ተጣብቋል።

በዚያው ቅጽበት ይበልጣል ጮኸ።

«ሌላ! ሌላ መጣ!»

እግሬ ገና ማብሪያው ላይ ነበር። ከማግኔቱ ኃይል በቅርብ ርቀት ላይ የነበረ፣ እኛ ያላወቅነው ሁለተኛ ሽራፊ ከዓይኑ ጀርባ ተነሥቶ በሌንሷ መሃል አልፎ መጋረጃው ሥር ተሰካ። ለቀቅኩት። ስለቅቀው ደግሞ ደሙ መጣ። ዓይኑ ከውስጥ ሲሞላ አየሁት፤ መጀመሪያ ከታች፣ ከዚያ ወደ ላይ፣ ብሌኑ እስኪጠፋ ድረስ።

መሮው አምበር ቀርቶ ነበር። መዶሻውም መሮውም ተሸርፈው ኖሯል፤ ከአንድ ምት ሁለት ቅንጣት። እስከዚያ ቀን ድረስ ጋሽ ጀማል መሮ አምጡ ብሎ አያውቅም፤ ያስተማሩትም ሰዎች አላሉትም። ማግኔት የጠሩትን ብቻ አይጠራም። ብረት የሆነ ሁሉ ስሙ የተጠራ ይመስለዋል።

ጋሽ ጀማል ከወንበሩ ፊት ተንበረከከ። «ይበልጣል፣ እዚህ ነኝ» አለው። «አንዱን አውጥተናል። ሁለተኛ ነበረ፤ አላወቅንም። ይህ ዓይንህ ከእንግዲህ የሚያይ አይመስለኝም።»

የተናገረችው ጥሩዬ ናት። ወደ እኔ እንጂ ወደ ጋሽ ጀማል አላየችም።

«እታለም፣ ዓይኑ ስታገኚው ያይ አልነበር?»

ያይ ነበር። ትንሽ ደብዝዞበት፣ ግን ያይ ነበር። «አዎ፣ ያይ ነበር» አልኳት።

የከፋው ግን ገና ነበር። በአንድ ዓይን ውስጥ እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ፣ አልፎ አልፎ ጤነኛው ዓይን ያለ ምንም ምክንያት አብሮ ይታመማል። መጀመሪያ ብርሃን ይጠላል፣ ከዚያ ይደበዝዛል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። መከላከያው የሞተውን ዓይን በቶሎ ማውጣት ነው። ይህን ስንነግረው ይበልጣል ተነሥቶ ቆመ።

«አንዱን ወስዳችሁ፣ በሌላው ታስፈራሩኛላችሁ?» አለና ሚስቱን ይዞ ወጣ።

ሳምንቱን እንቅልፍ አልነበረኝም። በመጨረሻ በገበያ ቀን ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ አምበር ሄድኩ። ወፍጮ ቤቱን ለማግኘት ችግር የለም፤ ድምፁ ይመራል። ይበልጣል ዓይኑን በጨርቅ ጠምጥሞ፣ ዱቄት ለብሶ፣ ድንጋዩ ላይ አጎንብሶ እየወቀረ አገኘሁት። በቀረችው ዓይኑ። መዶሻው ሲያርፍ እኔ እሳቀቃለሁ፤ እሱ ግን ቀና አላለም።

«ተመለሽ» አለኝ።

«ብርሃን ይጎዳሃል?»

«ተመለሽ አልኩ።»

ጥሩዬ ከውስጥ መጣች። «ይጎዳዋል» አለች። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ፀሐይ አያይም። አልነግራትም ብሎኝ ነው።»

ይህን ስሰማ የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። ያቺ ቀሪ ዓይን ከፊቴ እየጠፋች እንደሆነ ታወቀኝ። ምን ብዬ እንደለመንኩት በደንብ አላስታውስም። ጥሩዬ ግን ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና «ይሄን ሳታይ ልታሳድገው ነው?» አለችው። መዶሻውን አስቀመጠ። በዚያው ቀን ይዘነው ወደ ብቸና ወጣን። ጋሽ ጀማል ራሱ እስከ ደጀን ሸኝቶ ወደ ትልቅ ሆስፒታል አሳፈረው። የሞተው ዓይን ወጣ፤ ጠንከር ያለ መድኃኒት ለብዙ ወር ወሰደ። የቀረችው ዓይን ተረፈች። ከዚያ በኋላ ወፍጮ መውቀሩን ትቶ እህል መሸጥ ጀመረ ሲሉ ሰማሁ። ወደ እኛ ተመልሶ አልመጣም፤ እኔም አልፈረድኩበትም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ሆንኩ። የማብሪያውን ድምፅ ስሰማ ከክፍሉ እወጣለሁ። ዝውውር ጠየቅሁ። ጋሽ ጀማል ማመልከቻዬን አይቶ አስቀመጠው። በማግስቱ ግን ጠረጴዛዬ ላይ የእንቁላል ነጭ የሞላ ብርጭቆ አገኘሁ፤ በመሃሉ ምስር፣ ከኋላዋ ሁለት የብረት ሽራፊ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ነው» አለኝ።

አለቀስኩበት፤ ተቆጣሁት። እሱ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ያን ወር ሙሉ ሁለት ሽራፊ ማምጣት ተማርኩ። አንደኛው ሲመጣ ማግኔቱን ወደ ኋላ መጎተት፣ አዙሮ ኃይሉ ሌላውን እንዳያገኘው ማድረግ፣ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ከሩቅ አብርቶ ሰውዬውን «የት ጋ ጫረህ?» ብሎ መጠየቅ። ብረት ያለበት ዓይን ማግኔት ሲቀርበው ስሜት አለው። ሁለት ቦታ ከጫረው ሁለት ነው። ይህን መንገድ ያገኘነው አብረን ነው፤ ከዚያ በኋላ መዶሻ ብቻ ሳይሆን ሰውዬው የነካው ብረት ሁሉ ካልመጣ ሥራ አንጀምርም ነበር።

ጋሽ ጀማል ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ ሲሄድ ማግኔቱን ለኔ አስረከበ። እኔ ወደ ሞጣ ስዛወር ማግኔቱም በጭነት መኪና ከኔ ጋር ተዛወረ። የሞጣው አለቃዬ ጥሩ ሰው ነበር፤ ንብረት ግን ይወዳል። ግንዱን ዞሮ ዞሮ አይቶ «ሲስተር፣ ይሄ ከየትኛው ማሽን ተነቅሎ የመጣ ነው?» አለኝ። ጸሐፊው በምን ስም እንደሚመዘግበው ግራ ገብቶት «ከባድ ብረት» ብሎ ጻፈው። እንዲሁ ኖረ። በሞጣ ወፍጮ ቤቱም፣ ብየዳ ቤቱም እየበዛ ሄደ፤ ከግንደወይን ሳይቀር ይመጡ ነበር። አብዛኛው ብረት የዓይኑ ገጽ ላይ የተጣበቀ፣ በመርፌ ጫፍ የሚነሣ ነው። ውስጥ የገባ ሲገኝ እንደምንም ብዬ ባሕር ዳር እልካለሁ። ግዴታ ሲሆን ብቻ እስባለሁ። የሳብኳቸው ዳኑ። በእያንዳንዳቸው ግን ከወንበሩ ስነሣ ልብሴ በላብ ከጀርባዬ ተጣብቆ ነው።

አንድ ዓመት ባሕር ዳር ለሥልጠና ተጠራን። ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የመጣ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ስለሚመጣው ዘመን ሕክምና አስተማረን። ብረትን በዓይን ከማይታይ በላይ አድቅቀው፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት በሺህ እጥፍ አሳንሰው፣ በላዩ መድኃኒት ይለብጡታል አለ። ናኖ ይሉታል። በደም ሥር ይሰጥና ከሰውነት ውጭ ባለ ማግኔት እየነዱ ዕጢው ወዳለበት ይወስዱታል። መድኃኒቱ ሌላውን አካል ሳይጎዳ ዕጢው ላይ ብቻ ይሠራል። በአይጥ ላይ የተሠራውን በሥዕል አሳየን። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የዚያ የይበልጣል ዓይን ከፊቴ መጣ፤ አሁን ግን ሁለት ሽራፊ ሳይሆን ቁጥር የሌለው፣ በደም ሥር ሁሉ የተበተነ።

እጄን አነሣሁ። «ዶክተር፣ ማግኔት የሚጠራው ወደ ራሱ ነው። ዕጢው ከሆድ በጥልቀት ቢሆን ብረቱ መንገድ ላይ ቆዳው ሥር አይከማችም?»

«ይከማቻል» አለ ወዲያው። «ትልቁ ችግራችን እሱ ነው። ለዚህ ነው በአንድ ማግኔት የማንሠራው። በሰውነት ዙሪያ ብዙ ጥቅል ሽቦ አድርገን በተራ በተራ እያበራንና እያጠፋን እንነዳዋለን። ጥልቅ ቦታ ላይ ይዞ ማቆየት ግን እስካሁን አልተቻለም። ቀጭን የደም ሥር ላይ ተሰብስቦ እንዳይዘጋም እንፈራለን።»

«ሥራው ሲያልቅ ማን ይመልሰዋል?»

«አይመለስም። አብዛኛውን ጉበትና ጣፊያ ያጣሩታል፤ ብረቱን ሰውነት ቀስ በቀስ ይጠቀምበታል። መጠኑ ሲበዛ ምን እንደሚሆን ገና እየተጠና ነው።»

ሳይሸፍን ስለነገረኝ አከበርኩት። ሲያበራና ሲያጠፋ የሚነዳ ሌላ ሰው በዓለም ላይ መኖሩንም ሳውቅ ደስ አለኝ። ፍርሃቴ ግን አልቀነሰም። ወደ ሞጣ ስመለስ መንገዱን ሙሉ እጄን እያየሁ፣ በቆዳዬ ሥር ያሉትን ሰማያዊ ሥሮች እየተከተልኩ ነበር።

የኔታ ጥበቡ የመጡት ጡረታዬ እየተቃረበ ሳለ በአንድ ክረምት ነው። የቅኔ መምህር ናቸው። ግራ ዓይናቸውን በሕፃንነታቸው ፈንጣጣ ወስዶታል። ተማሪዎቻቸው በሌሉበት ግንድ ሊፈልጡ ሽብልቅ በመዶሻ ሲመቱ ብረት የገባው በቀረችው በቀኟ ነው። ሁለት ተማሪዎች ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው። ስመለከት ከቁስሉ ዙሪያ ቢጫ ነገር ጀምሯል። ብረቱ ቆሻሻ ይዞ ገብቶ መመረዝ ጀምሮ ነበር።

ባሕር ዳር ደወልኩ። ጎርፍ መንገዱን ሰብሮት መኪና አያልፍም። በደጀን ዞሮ አዲስ አበባ እንዲደርሱ ጠየቅሁ። ሐኪሙ በስልክ «ሲስተር፣ በዚያ መንገድ እስኪደርሱ ዓይኑ ያልቃል» አለኝ። «መድኃኒቱን አሁን ጀምሪ። ማግኔቱ አለሽ አይደል?»

«አለ።»

«እንግዲያው ከመምሸቱ በፊት አውጪው።»

ስልኩን ዘግቼ ቆምኩ። ጋሽ ጀማል የለም። ከኔ ጋር የነበረችው ሲስተር ሰላም የምትባል ባልደረባዬ ናት፤ በማግኔቱ ሲሠራ አይታ አታውቅም። ሽብልቁን፣ መዶሻውን፣ ምሳሩን ጭምር አስመጣሁ። አንድ በአንድ እያገላበጥኩ ዳበስኩ። ሽብልቁ ራስ ላይ አንድ አዲስ ሽርፍ አለ። ሌላ አላገኘሁም። ያገኘሁት ግን አንድ ነው ማለት የገባው አንድ ነው ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የዓይናቸውን ገጽ የሚያደነዝዝና ብሌናቸውን የሚያሰፋ ጠብታ ጨመርኩ። እስኪሠራ መጠበቅ ነበረብን።

«ምን ልታደርጊኝ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«በማግኔት እስበዋለሁ፣ የኔታ።»

«ዓይኔንስ አብሮ አይስበውም?»

«ዓይን ብረት አይደለም። አይስበውም።»

«ድምፅሽን ግን ስቦታል። ከጉሮሮሽ አይወጣም።»

ባሕር ዳር የሰማሁትን አጫወትኳቸው፤ ዝም ማለት ስላስፈራኝ ነው። ስለ ደቀቀው ብረት፣ በደም ውስጥ ስለሚነዳው መድኃኒት ነገርኳቸው። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ።

«ነጂው ሲደክመው ብረቱ የት ያድራል?»

«ጉበት ይለቅመዋል ይላሉ።»

«ይላሉ?»

«ይላሉ፣ የኔታ።»

«እኔ ውስጥ ያለው ስንት ነው?»

«አንድ ይመስለኛል። አላውቅም።»

«መልካም» አሉ። «ሰሙ ብረት ነው። ወርቁን አንቺ አውጪ።»

ሰላም ራሳቸውን ከኋላ ያዘች። ማግኔቱን ከሩቅ አበራሁና የት እንደሚጭራቸው ጠየቅሁ። በጣታቸው ወደ ታች ወደ አፍንጫቸው በኩል አሳዩኝ። ደግሜ አበራሁ፤ እዚያው። አንድ ቦታ። አቀረብኩ። ረገጥኩ፤ ለቀቅኩ። በዚህ ጊዜ ነው እግሬ መንቀጥቀጥ የጀመረው። ማብሪያው ሳልፈልግ ይበራል፣ ሳልፈልግ ይጠፋል። አነሣሁት።

«ምን ሆንሽ?»

«እግሬ እምቢ አለኝ፣ የኔታ። ይንቀጠቀጣል።»

«እስኪተው ብትጠብቂ ይተዋል?»

«አይመስለኝም።»

«እንግዲያው እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ሳቢ። አንዳችን ዝም ካልን ይበቃል፤ እኔ አልነቃነቅም።»

ወንበሩን ጠጋ አደረግሁና በሌላው እግሬ ረገጥኩ። ብረቱ ተነሣ፤ ባላየውም እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሲጨመደድ አወቅሁት። ለቀቅኩ። ወደ ጎን ዞርኩ፤ «የኔታ ወደ ላይ ይመልከቱ» አልኳቸው፤ ረገጥኩ። መጋረጃው በአንድ ጎን አበጠ። ተቀርቅሯል። አሁን ዝም ብዬ ብስበው ይቀደዳል፤ ብለቀው ተመልሶ ይወርዳል። ማግኔቱን ሳላጠፋ ከታች ወደ መሃል እንደ ሰዓት ዘንግ ቀስ አድርጌ አዞርኩት። እብጠቱ ተከተለኝ። ከዚያ ከብሌኑ ጠርዝ አንድ ጥቁር ነጥብ ወጣ። ቆረጥኩ። አስጠጋሁ።

«ጠቅ» አለ።

እግሬን አነሣሁ። ሁለተኛ ጩኸት ጠበቅሁ። አልመጣም። የኔታ እንዳሉት አልተነቃነቁም ነበር፤ ሰላም እጇን ስታነሣ ብቻ አንገታቸው ዘንበል አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ማግኔቱን አልነካሁትም። የፈራሁት ግን ያኔ አላለቀም። ብረቱ ወጥቶ መርዙ ቢቀርስ? ሌንሷን ነክቼ ከሆነስ? አንቲባዮቲኩን በሰዓቱ እየወጋሁ፣ ጠብታውን እየጨመርኩ፣ ሽፋኑን የምከፍተው በደብዛዛ ብርሃን ለአፍታ ብቻ ነበር። የኔታም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ እንጂ ምን እንደሚያዩ አይነግሩኝም፤ እኔም አልጠይቅም። ተማሪዎቻቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ቅኔያቸውን በለሆሳስ ይቆጥራሉ። አንደኛው በወጣሁ ቁጥር ፊቴን ያያል። የፈሩት ይደርሳል የሚለው ተረት ከጆሮዬ አልወጣ ብሎ ሰነበተ።

ሽፋኑ ለመጨረሻ ጊዜ የሚነሣበት ቀን ደረሰ። መስኮቱን ከፈትኩ። እቃውን አስተካከልኩ፤ ያስተካከልኩትን መልሼ አስተካከልኩ። የኔታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። በመጨረሻ ፕላስተሩን ላጥኩ፣ ጥጡን አነሣሁ፣ ሽፋሽፍታቸውን በለብ ያለ ውኃ ጠረግሁ።

«ይክፈቱ፣ የኔታ።»

ከፈቱ። ወደ መስኮቱ አዩ፤ ወደ ግድግዳው አዩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ያያሉ ወይስ ድምፄን ተከትለው ነው የዞሩት? ይክፈቱ ካልኩ ወዲህ ግን ድምፅ አላሰማሁም። መጠየቅ አቃተኝ። ከፊታቸው ቆሜ፣ እጄን ከጎኔ አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

«ምነው ልጄ» አሉኝ የኔታ፤ «ለምን ታለቅሻለሽ?»